መጀመሪያ የቋሚዎቹን እግር እዪ

ደብዳቤው፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጉለሌ፣ አባባ በ1958 ዓ.ም. ባሠራው ጭቃ ቤት ከእማዬ ጋር እኖራለሁ። አባባ በ2012 አረፈ፤ ካርታው እስካሁን በስሙ ነው። ቤቱ አምስት ክፍል ነው፤ ሳሎኑ ጣውላ፣ የቀረው ሊሾ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስነን ነበር። አሁን ልስኑ እየተላቀቀ ነው። ከሳሎኑ መስኮት ሥር ሰያፍ ስንጥቅ ወጥቷል፣ በኩሽናው በኩል ግድግዳው ወደ ውጭ አዘንብሏል፣ ክረምት ሲገባ ሦስት ቦታ ባልዲ እንደቅናለን። አንድ ሥራ ተቋራጭ መጥቶ በር ላይ ቆሞ «ይኼ አይታደስም፣ አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩ» አለኝ። የሰፈራችን ግንበኛ ደግሞ «በሁለት ሳምንት ጠጋግኜ አዲስ አደርገዋለሁ» ይላል። ዋሽንግተን ያለው ወንድም ጋሼ «የመሬት መንቀጥቀጡን ረሳሽው? እማዬ ላይ ሳይወድቅ እናፍርሰውና ጂ ፕላስ ሁለት እንሥራ፣ በየወሩ እልካለሁ» ብሏል። ሐዋሳ ያለችው ታናሽ እህቴ ዝም ብላለች። እኔ ባንክ ያለኝ ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ነው። እማዬ 78 ዓመቷ ነው፤ «እኔ ከሞትኩ በኋላ አፍርሱት» ትላለች። ምን ላድርግ?
ጥ.፣ ከጉለሌ

መልስ፦

ጋሼ ስላልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ።

ሁለቱ ባለሙያዎች የነገሩሽ ስለ ቤትሽ ሳይሆን ስለ ሥራቸው ነው። ተቋራጩ እንጀራው አዲስ ግንባታ ነው፣ የግንበኛው ልስን። በር ላይ ቆሞ ጭቃ ቤት የሚመረምር ሰው የበሽተኛውን ካፖርት አይቶ መድኃኒት ከሚያዝ ሐኪም አይሻልም። የጭቃ ቤት ጤናም ሕመምም ያለው ከመሬት በታች አንድ ክንድ፣ ከመሬት በላይ አንድ ክንድ ነው። እዚያ ድረስ ጎንበስ ብሎ ያየልሽ ሰው እንደሌለ ከደብዳቤሽ ይታያል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የአንድ ቅዳሜ ሥራ አለሽ። ዶማ የያዘ አንድ የቀን ሠራተኛ፣ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ቱንቢ (ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ክብደት)። ከውጭ በኩል አራቱን ማዕዘኖች፣ በየበሩና በየመስኮቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ቋሚዎች፣ ከዚያ በየሁለት ሜትሩ አንድ አንድ ምረጡ። ልስኑን ከሥር ሁለት ስንዝር አንሱና አፈሩን አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። አደራ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ አንዱ ታይቶ ሲደፈን ነው ወደ ሌላው የሚኬደው።

ካቻቢቴውን ቋሚው መሬት በሚገባበት መስመር ላይ ውጊው። የተቀበረ እንጨት ቶሎ የሚበሰብሰው ጥልቁ ውስጥ አይደለም፤ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በመሬቱ ገጽ ላይ ነው። የካቻቢቴው ጫፍ ብቻ ከገባ ቋሚው ደህና ነው። ግማሽ ጣት ከገባ ታሟል፣ ግን ይድናል። ቅቤ እንደሚወጋ ቢላዋ እስከ እጀታው ከሰመጠ ግን ያ ቋሚ ቆሞ የሚታይሽ ማገሩ አንጠልጥሎት ነው። በመዶሻ ስትመቺው እንደ ከበሮ ካስተጋባም ምስጥ ውስጡን ጨርሶ ልጡን ትቶልሻል።

እንጨቱ ምን እንደሆነም እዪ። እንዲህ ባሉ የቆዩ ቤቶች ማዕዘኑ ጥድ ሆኖ መሃል መሃሉ ባሕር ዛፍ የሆነ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ጥድ ሲፋቅ ቀላ ብሎ ሽታው ያውድሻል፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ያቆመ እንጨት ነው፣ ውለታው አይካድም፣ አፈር ውስጥ ግን ዕድሜ የለውም። የእናንተ ማዕዘኖች ጥድ ከሆኑ አባትሽን አመስግኚ።

ያየሻቸውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ደህና፣ የታመመ፣ የሞተ ብለሽ። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፤ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሳይሆን ከብዙ ግድግዳ ሥር ተንበርክኬ ያወጣሁት ነው። ከአራት አንዱ ወይም ከዚያ በታች ከሞተ ቤቱ ይታደሳል፣ ደግሞም በደንብ ይታደሳል። ከግማሽ በላይ ከሞተ ማደሱ ሙት ማልበስ ነው። መሃል ላይ ከወደቀ የሞቱት የት እንደተሰበሰቡ እዪ። ባንድ ወገን ከሆኑ ያ ወገን ብቻ ይፈርሳል። በቤቱ ዙሪያ ተበትነው ማዕዘኖቹንም ከነኩ ነገሩ ወደ ማፍረሱ ያደላል።

አሁን ወደ ሲሚንቶው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ራሴን ልክሰስ። ከትምህርት እንደወጣሁ፣ ሁሉን የማውቅ በመሰለኝ ጊዜ፣ የአክስቴን ጭቃ ቤት የዶሮ ሽቦ አስመትቼ በሲሚንቶ አስለሰንኩላት። ቪላ መሰለ። ጎረቤት እየመጣ «ይኼ ልጅ ይባረክ» አለኝ። ስድስተኛው ክረምት ላይ የመኝታ ቤቷ ማዕዘን ተከፈተ። ስናየው ውስጡ ያለው ጭቃ ዱቄት ሆኗል፣ ቋሚዎቹ በጣት ይፈረፈራሉ። ልስኑ ብቻ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት፣ ቆሟል። እኔ ከመድረሴ በፊት ያ ቤት ሠላሳ ዓመት ቆሞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን በጋ ይመልሳል። ሲሚንቶ ይህን መተንፈሻ ይዘጋል። ጭቃው በሙቀትና በእርጥበት ትንሽ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ግትሩ ሲሚንቶ አብሮት ስለማይሄድ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ይወጣል። ውሃው በዚያች ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። እንጨቱ በጋ ከክረምት እርጥብ እንደሆነ ይከርማል፣ ምስጥም ጨለማና እርጥበት አገኘ ማለት ነው። እናንተ «ልስኑ እየተላቀቀ ነው» ስትሉ እኔ የምሰማው ይህን ነው። ግንበኛችሁ በሁለት ሳምንት አዲስ አደርገዋለሁ ያለውም ያንኑ ሲሚንቶ ደግሞ ለመቀባት ከሆነ በትሕትና ሸኚው።

ከመስኮቱ ሥር ያለው ሰያፍ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከመስኮቱ በአንድ ጎን ያለው ቋሚ እግሩ አልቆ ዝቅ ሲል የሚመጣ ነው። የኩሽናውን ማዘንበል ለመገመት ደግሞ ጠንቋይ መሆን አያሻም፤ የእጣቢው ውሃ የት ነው የሚደፋው? ስድሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ግድግዳ ሥር ከሆነ መልሱን አግኝተሻል። ቱንቢውን ከክፍክፉ አውርደሽ ምን ያህል እንደወጣ ለኪና የዛሬውን ቀን ጽፈሽ አስቀምጪ። ከሦስት ወር በኋላ ደግመሽ ስትለኪው ቁጥሩ ከጨመረ ቤቱ እየሄደ ነው፤ ካልጨመረ የቆየ ጉብጠት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አጣሪ። የበራችሁ መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል? ጉለሌ ቁልቁለት ነው፣ የእንጦጦ ጎርፍ መውረጃ። መንገዱ በተሠራ ቁጥር ከፍ እያለ የቆዩት ግቢዎች ጉድጓድ ውስጥ ቀርተዋል፤ ድሮ ከመሬት ከፍ ብሎ የነበረ የቤት ወለል ዛሬ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። እንዲያ ከሆነ ጠላትሽ የቤቱ እርጅና ሳይሆን ከላይ የሚመጣው ውሃ ነው። ይህን ውሃ ሳትመልሺ ብታፈርሺውም ብታድሽውም ገንዘቡን ጎርፍ ይዞት ይሄዳል።

ቤቱ ይታደስ ከተባለ ሥራው የሚጀመረው ከቀለም ሳይሆን ከውሃ ነው። መጀመሪያ በላይኛው ወገን በድንጋይ የተገነባ ቦይ፣ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የድንጋይ ንጣፍ፣ ከጣሪያው የሚወርደውን ሰብስቦ የሚያርቅ አሸንዳ። ቀጥሎ ጣሪያው፤ ሦስት ባልዲ የሚያስደቅን ቆርቆሮ በሬንጅ አይደፈንም፣ ይቀየራል። ሲነሳም ወራጆቹ ይታያሉ፣ ኮርኒስ ውስጥ የተኛው የድሮ የኤሌክትሪክ ገመድም ተነቅሎ ይወጣል። ስለ ስንጥቁ እንቅልፍ አጥተሽ ስለዚህ ገመድ አንድ ቃል አለመጻፍሽ ገርሞኛል። ጭቃው ይቃጠላል ብዬ አልፈራም፣ ኮርኒሱ ግን ክብሪት ነው።

ከዚያ ቋሚዎቹ። የሞተው ቋሚ በሁለቱም ወገን ባላ ተተክሎ ጣሪያው ከተደገፈ በኋላ የበሰበሰው እግሩ ተቆርጦ ይወጣል፣ በቦታው ትንሽ የአርማታ እግር ይገባለታል፣ እንጨቱም ከአፈር ከፍ ብሎ እዚያ ላይ በብረት ይታሰራል። አንድ በአንድ ነው የሚሠራው፤ «ሦስቱን ባንድ ጊዜ እንጨርስ» የሚል ጠራቢ ካለ አስቁሚው። ልስኑ መጨረሻ ነው። ሲሚንቶው ተነስቶ፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ቀናት እየተረገጠ የተብላላ ጭቃ ይመረግበታል፣ ከላይ ኖራ ያለበት ልስን። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ቁጥራቸው እያነሰ ነው፤ ከከተማው ዳር ባሉ ሰፈሮች ፈልጊ፣ አሁንም አሉ።

መታጠቢያና ሽንት ቤት ወደ ውስጥ ማስገባት ትፈልጉ ይሆናል፤ በ78 ዓመት ሌሊት ግቢ መውጣት ከባድ ነው። ከጭቃው ግድግዳ ጋር ግን አታጣብቁት። የራሱ መሠረት ያለው የብሎኬት ክፍል ይሁን፣ ከአሮጌው ቤት በጠባብ መተላለፊያ ብቻ ይገናኝ። ኩሽናው በኩል ያለው ወገን የሞተ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እሱን ብቻ አፍርሶ ኩሽናውንና መታጠቢያውን በዚያው ቦታ በብሎኬት መሥራት ይቻላል። ያየሁት ሳይኖር እንድገምት ካስገደድሽኝ የእናንተ ቤት መጨረሻው ይህ ይመስለኛል።

ስለ መሬት መንቀጥቀጡ። ወንድምሽ መፍራቱ አይገርምም፤ በ2017 በፈንታሌና በአዋሽ በኩል የተነሳው አዲስ አበባን ሌሊት ሌሊት ሲያነቃን ከረመ፣ ከተማችንም በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ናት። ነገር ግን ፍርሃቱ አቅጣጫውን ስቷል። ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ በደንብ የተያያዘ የእንጨት ቤት ሲናጥ ይወዛወዛል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ድንገት ግን አይናድም፤ ከላዩም ያለው ቀላል ቆርቆሮ ነው። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ፌሮው (የአርማታው ብረት) ተቆጥቦ፣ ኮለንና ቢሙ (የአርማታው ቋሚና አግዳሚ) በአግባቡ ሳይተሳሰር፣ ያለ መሐንዲስ የቆመ የብሎኬት ፎቅ ነው። እግራቸው የበሰበሰ ቋሚዎች ግን ይህን የመወዛወዝ ጸጋ ያጣሉ። ለወንድምሽም የሚሰጠው መልስ እዚያው ከተቆፈረው ጉድጓድ ይወጣል።

እስካሁን የተናገርኩት ቤቱ ይፍረስ ወይ ይታደስ ብሎ የሚወስነው ባለቤቱ እንደሆነ አድርጌ ነው። ባለቤቱ ማነው? ካርታው በሟች ስም ነው። ቤቱ በትዳር ዘመን የተሠራ ከሆነ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ግማሹ የእናትሽ ነው፤ በውርስ ሳይሆን በራሳቸው መብት። የቀረው ግማሽ የአባትሽ ነው፣ ኑዛዜ ከሌለ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለልጆች እኩል ይከፈላል። ሦስት ከሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ ከስድስት አንድ ይደርሳችኋል፤ እናትሽ ከስድስት ሦስት አላቸው። ወንድምሽ ከዋሽንግተን የሚያፈርሰው ቤት አንድ ስድስተኛውን ነው። ሐዋሳ ያለችው እህትሽም ዝምታዋ እሺታ እንዳይመስልሽ፤ አንድ ስድስተኛ ዝም ብሏል ማለት ነው፣ ደውይላት።

የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ የስም ዝውውሩን ጨርሱ፤ ያለ እሱ የግንባታ ፈቃድ ቀርቶ የእድሳት ፈቃድም ያስቸግራል። ወንድምሽ መምጣት ካልቻለ በኤምባሲው በኩል ውክልና ይላክ። የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ ከሆነ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ያውጣ፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜጋ እዚህ ቤት እንዳይኖረው ይከለክል የነበረውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን አንስቶላቸዋል።

ሌላው ወረቀት የፕላን ስምምነት ነው። አንድ ድንጋይ ከመንቀላችሁ በፊት ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ ጠይቁ። የከተማው ፕላን ለዚያ ሰፈር እናንተ ካሰባችሁት በላይ ፎቅ ይጠይቅ ይሆናል፣ መንገድ ያልፍበት ይሆናል፣ የኮሪደር ልማቱ መስመር ይነካው ይሆናል። ይህን ሳያጣሩ «ፈቃዱ አይቀርም» ብለው ያፈረሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ቤትም የላቸው ፈቃድም የላቸው፣ ባዶ ቦታ በቆርቆሮ አጥረው ኪራይ ቤት ውስጥ ይጠብቃሉ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ አትርሺ፤ ለልማት ቢፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳው የሚሰላው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው። አፍርሰሽ ሳትሠሪ ይህ ቢደርስብሽ ምን ይሰላልሻል?

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ልሁን። ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ለደህና እድሳት መነሻ ይሆናል፤ ለጂ ፕላስ ሁለት ግን ከመሠረቱ ብዙ አያወጣሽም። «በየወሩ እልካለሁ» ፍቅር ነው፣ በጀት ግን አይደለም። ወንድምሽን ሐሰተኛ እያልኩት አይደለም፤ እዚያም ኪራይ አለ፣ ሥራ መቋረጥ አለ፣ ሕመም አለ። በወር በወር የሚመጣ ገንዘብ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ቦይ ያስቆፍራል፤ ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ግን አይሞላም፣ ምክንያቱም ሶሌታ በአንድ ቀን ነው የሚሞላው። ሲቆም ደግሞ ዋጋው አይጠብቅም፣ ሰማይ ላይ የቆመው ፌሮም ዝናብ ሲመታው ይዝጋል። ስለዚህ ለመሥራት ከቆረጣችሁ ደንቡ አንድ ይሁን፦ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ያለው ገንዘብ ባንክ ውስጥ ሳይቆጠር አሮጌው ቤት አይነካም። ጣሪያ ከለበሰ በኋላ ያለው ፊኒሺንግ፣ እሱም ከስትራክቸሩ ያነሰ የማይበላ፣ በወር በወሩ ሊጎተት ይችላል። አጀማመሩም መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፣ ክረምት ጣሪያ ለብሶ እንዲያገኘው።

ስለ እናትሽ። «ከሞትኩ በኋላ አፍርሱት» ያሉትን ግትርነት ነው ብለሽ አታንብቢው። እኔ እንደሚመስለኝ የጠየቁት ሌላ ነው፦ ሁለት ዓመት የት ነው የምኖረው? ለግንባታው ጊዜ ኪራይ ቤት ስታስቡ ያ ለእሳቸው ከዕድራቸው፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ቡና ከሚጠሯት ጎረቤት መራቅ ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ ይህ ከቤት መውጣት ብቻ አይደለም። ደግሞም ግማሹ ቤት የእሳቸው መሆኑን አሁን ታውቂያለሽ፤ እስካሁን ማንኛችሁም «ምን ይሻላል?» ብላችሁ እንደጠየቃችኋቸው ደብዳቤሽ አይነግረኝም። የቋሚዎቹን ውጤት ስታገኚ መጀመሪያ ለእሳቸው አንብቢላቸው፣ ወደ ዋሽንግተን ከመደወልሽ በፊት። ማዕዘኖቹ ጥድ ይሁኑ ባሕር ዛፍ፣ አባትሽ እንጨቱን ከየት እንዳስመጡት ሳይቀር ሊነግሩሽ ይችላሉ፤ ቁፋሮው ይቀልልሻል።

የሚታደስ ከሆነ ሁለት ሁለት ክፍል እያስለቀቃችሁ ሥሩ፣ ከኩሽናው ጀምራችሁ። የእናትሽ መኝታ ቤት መጨረሻ ይሁን፤ አቧራው ሳይበዛ፣ ቦዩና ጣሪያው አልቆ፣ ከአንድ ሳምንት በላይ ሳሎን እንዳይተኙ።

ቅዳሜ ቆፍራችሁ ስትጨርሱ ቁጥሩን ላኪልኝ፦ ስንት ቋሚ አያችሁ፣ ስንቱ ደህና፣ ስንቱ የታመመ፣ ስንቱ የሞተ፣ የሞቱት በየት በኩል ናቸው፣ የቱንቢው ልክ ስንት ሆነ። ያንን ሳላይ ከዚህ በላይ ብናገር እኔም በር ላይ ከቆመው ተቋራጭ አልለይም።